መረጃ ሰጪ ቁጥር ሦስት

አምቦ ውስጥ የህግ መምህር ከሆናችሁ ፀጉራችሁን በሰላም አትቆረጡም። ፀጉር አስተካካዩ ግማሹን ራስ ከላጨ በኋላ ማሽኑን ያጠፋና "መምህር፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ" ይላል። የእህቱ ባል ጥሏት ሄዷል፤ ወይ ጎረቤቱ አጥሩን ገፍቶበታል። እኔ የማስተምረው የንግድ ህግና የአእምሯዊ ንብረት ህግ ነው ስለው "እሱ ይቆየን፣ የአጥሩን ነገር ንገረኝ" ይለኛል። ስለማላውቅ "ማስረጃ ያዝ" እለዋለሁ። ለሁሉም የምለው እሱኑ ነው፤ እስካሁን ማንም ተመልሶ አልተጣላኝም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራዬ ምን እንደሆነ ከልቡ የገባው ሰው አንድ ብቻ ነው። ኦቦ በዳሳ ሂርጳ ይባላሉ፤ የባለቤቴ የጫልቱ አባት ናቸው። ጎጆ ከተማ አጠገብ ገብስና ድንች እያመረቱ፣ በግ እያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የማወራችሁ የእሳቸውን ስም ከአንድ ወረቀት ላይ እንዴት እንዳስቀረሁባቸው ነው። የሚያስቅ ቦታ ሲደርስ ሳቁ፤ እኔንም አንዳንዱ ሳወራው ያስቀኛል። መጨረሻው ላይ ግን አልችልም።

ከሠርጋችን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎጆ የሄድን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ አዲሱን አማች ሊያይ ተሰበሰበ። "ምንድነው የምታስተምረው?" አሉኝ። እኔም ያማረብኝ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አብራራሁ። አእምሯዊ ንብረት ማለት አይታይም፣ አይዳሰስም፣ በረት ውስጥ አይታሰርም፣ ባለቤት ግን አለው አልኩ። ሰዎቹ ጫልቱን በሀዘኔታ አይዋት። ሀብቱ የማይታይ ባል ማግባቷ አሳዝኗቸው መሰለኝ። ኦቦ በዳሳ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ አሰቡና፣

"ከሰው የተማርከውን ነገር፣ ከማን እንደተማርክ ሳትናገር አትጠቀምበት ነው የምትለው?" አሉኝ።

"አዎ አባባ፣ እሱም አለበት።"

"ኤዬ፣ ገባኝ። ይሄማ እኛም ጋ አለ።"

እሳቸው ጋ ያለው እንዲህ ነው። ኦቦ በዳሳ የሚያስል በግ የሚያድን ቅጠል ያውቁ ነበር። ጎጆ ብርድ ነው፤ በጉ ያስላል፣ በጉ ሲያስል ደግሞ ባለቤቱ እንቅልፍ አይወስደውም። ከአካባቢው ሁሉ በግ እየጎተቱ ይመጡባቸዋል። እሳቸውም ጎህ ሲቀድ ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይወጣሉ፤ ቅጠሉን ያስተማሯቸውን አጎታቸውን ከነአባታቸው ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ከዚያ ይቀነጥሳሉ። ስሙ ካልተጠራ ቅጠሉ ሳር ነው፤ በጉ ይበላዋል፣ ማሳሉንም ይቀጥላል። እኔ ክፍል ውስጥ የሞራል መብት የሚባለውን ምዕራፍ ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል፤ ያም ሆኖ ፈተና ላይ ግማሹ ተማሪ ይስተዋል። እሳቸው በአንድ ጎህ ይጨርሱታል።

ዓመታት አለፉ። ልጃችን ሲፈን ተወለደች፣ አደገች፣ ትምህርት ቤት ገባች፤ እኔ ግን እዚያው ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን በታወቀ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ያስፈልጋል። ስለ ሽርክና ማህበር ጽፌ ላክሁ፣ መለሱልኝ። ስለ ቼክ ጽፌ ላክሁ፣ ከበፊቱ ፈጥነው መለሱልኝ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች ደረጃቸውን እያገኙ "አይዞህ" ይሉኝ ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን ገላዬን እየታጠብኩ የአማቴ ቅጠል ትዝ አለኝ። ሳሙናውን እንኳ በደንብ ሳላስለቅቅ ወጣሁ፤ ጫልቱ እብደት የጀመረኝ መስሏት ነበር።

ጎጆ ሄጄ "አባባ፣ የቅጠሉን ነገር ልጽፈው ፈልጌ ነው" አልኳቸው።

እሳቸውም መለሱልኝ። "ልጆቼ ጠይቀውኝ አያውቁም። አንዱ ቡራዩ ነው፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው። በግ የሚያዩት ሥጋ ቤት ነው። አንተ ከጠየቅህ ለአንተ እሰጣለሁ። ግን መቃ ኮ፣ ስሜን ጥራ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"አባባ፣ ይሄማ እንጀራዬ ነው" አልኳቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ ወስደው አሳዩኝ። እንዴት እንደሚቀነጠስ፣ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። በከተማ ጫማ ጭቃ ላይ ስንሸራተት እያዩኝ አልሳቁብኝም፤ ክርኔን ደገፍ አድርገው ነው የመለሱኝ። እኔም አምቦ ተመልሼ በሁለት ወር ጽፌ ላክሁት።

መልሱን ስጠብቅ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ የራሴን ሃንድአውት አየሁ። የክረምት ተማሪ ተሰልፎ ይገዛዋል። ሽፋኑ የለም፤ ስሜ የለም። ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ ለተሰለፈው ሁሉ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ደራሲ ሥራውን ቢሸጥ እንኳ ስሙ ከሥራው ላይ አይነሳም፣ ይሄ ከገንዘብ የሚለይ፣ ከሰውየው ጋር የሚኖር መብት ነው አልኩ። እጄን አወናጭፌ የሰው ሻይ ደፍቻለሁ። ባለቤትየዋ "መምህር፣ ሽፋኑን የተውነው ወረቀት ለመቆጠብ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም" አለችና ወፍራም እስክሪብቶ አንስታ በየቅጂው አናት ላይ ስሜን ጻፈችልኝ። በአርባ ሰባቱም ላይ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ሳምንት ከመጽሔቱ ኢሜይል መጣ። ጥናትህ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ከታች ደግሞ፣ መረጃ የሰጡህን ሰዎች በስም መጥቀስ ከፈለግህ የፈረሙበትን የፈቃድ ወረቀት ላክ፤ ካልሆነ ስማቸውን አንሳና በቁጥር ተካ ይላል። ወሩ ነሐሴ ነው። የጎጆን መንገድ በነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪናው አንተን አይወስድህም፣ አንተ ነህ መኪናውን የምትወስደው። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አደረግኩ። ኦቦ በዳሳ ሂርጳ "መረጃ ሰጪ ቁጥር ሦስት፣ ወንድ፣ ገበሬ" ሆኑ።

እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበረበት። ግን የአእምሯዊ ንብረት መምህር ነኛ፤ ዕውቀቱን የውጭ ኩባንያ እንዳይሰርቀው ብዬ የቅጠሉንም ስም ሳልጠይቅ፣ መልኩን ሳልገልጽ አለፍኩ። "ተክል ሀ" ብዬ ጻፍኩ። የትኛው ኩባንያ በመስኮት አጮልቆ እንደሚያየኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደረጃውን አገኘሁ። ጫልቱ ለአባቷ ደወለች። ኦቦ በዳሳ በግ አረዱ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ "ወረቀቱን ይዘህ ና" አሉኝ። በመስከረም መጨረሻ ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ኦቦ በዳሳ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣

"በል መምህር፣ ማል ጄዳ? ምን ይላል? አንብብልን" አሉ።

እንግሊዝኛ ነው። እዚያ ቤት ከእኔ በቀር እንግሊዝኛ የሚያነብ የለም ብዬ ገመትኩ። እውነቱን መናገር የሚቻልባት አንዲት ቅጽበት ነበረች፤ አሳለፍኳት። ወረቀቱን ገለጥኩና እየተረጎምኩ መስዬ "ይህ ዕውቀት የኦቦ በዳሳ ሂርጳ ነው" አልኩ። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ያቆመኛል። የዓለም ሊቃውንት በጎጆው ገበሬ ተደንቀዋል አልኩ። አንድ ጎረቤት "የገብሱንስ ነገር ጽፈሃል?" ሲለኝ "ገጽ ዘጠኝ ላይ አለ" አልኩት። ኦቦ በዳሳ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙኝ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ሳበቃ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለሲፈን ሰጧት። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። "ነይ እስኪ የኔ ልጅ፣ ስሜ የቱ ጋ እንዳለ አሳዪኝ። በጣቴ ልንካው" አሏት።

ልጄ እንደ አባቷ አይደለችም፤ የተጠየቀችውን ትሠራለች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። እኔ "ተዪው አሁን፣ በኋላ" እላለሁ፤ እሷ ትገልጣለች። ቤቱ ሁሉ ይጠብቃታል። እስከ መጨረሻው ገጽ ሄዳ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሰችና፣

"አባዬ፣ አጣሁት። እዚህ ያለው 'መረጃ ሰጪ ቁጥር ሦስት' ነው የሚለው። እሱ ነው እንዴ?" አለችኝ።

 ኦቦ በዳሳ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሦስት? አንድና ሁለት እነማን ናቸው?"

"የወረዳ ባለሙያዎች ናቸው፣ አባባ።"

"እነሱ ስለ በግ ምን ያውቃሉ?" አሉ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው "ብሉ እንጂ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል" አሉ። የዚያን ቀን የተሰማኝን እፍረት ለጠላቴ አልመኝም።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደቡኝም። መቀንጠስ ብቻ አቆሙ። ሰው በግ ይዞ ሲመጣባቸው "ለአማቼ ሰጥቻለሁ፤ እሱ ደግሞ የሰጠውን ሰው ሳይጠራ ወሰደው። ከእንግዲህ በኔ እጅ አይሠራም" ይሉ ነበር አሉ። አንድ ሰው ይሄን ሰምቶ፣ የቅጠሉ አዲስ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ፣ በግ በአይሱዙ ጭኖ አምቦ ድረስ መጣ። የግቢው ጥበቃ፣ እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ፣ ደውሎ "መምህር፣ በር ላይ በግ መጥቶብዎታል፤ ይግባ ወይስ ልመልሰው?" አለኝ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ሰማ። በጉን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ፤ መንገድ ላይ እሱ ያስላል፣ እኔ ሰላምታ እመልሳለሁ። እስካሁን በዚያ ግቢ "የበጉ ዶክተር" የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ።

ጫልቱም አልጮኸችብኝም። ስሜን መጥራት ብቻ ተወች። "አንተ፣ ምሳ ቀርቧል" ትለኛለች። አሥራ አምስት ዓመት በስሜ ስትጠራኝ የኖረች ሴት ናት። አንድ ወር እንዲህ ከኖርን በኋላ ለመጽሔቱ ጻፍኩ፤ አንድ ስም ላስገባ እፈልጋለሁ አልኩ።

ስም ለማውጣት አንድ ሳጥን በቃኝ፤ ለማስገባት ግን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። መጀመሪያ ቁጥር ሦስት እውነተኛ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጣ አሉ። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው የህግ መምህር መሆኔን ሲሰማ ደነገጠ።

"ኦቦ በዳሳ ምን አድርገው ነው?"

"ምንም አላደረጉም። ስማቸው እንዲጻፍ ነው።"

"ክስ ላይ?"

"አይ፣ መጽሔት ላይ።"

ይሄ ይበልጥ አስፈራው። ሦስት ቀን ተማክረው ደብዳቤውን ሰጡኝ። ግለሰቡ በቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆኑ ከማንም ጋር ጠብ የሌላቸው፣ የሰው በግ ነክተው የማያውቁ ናቸው ይላል። ተረጎምኩና ላክሁት። መጽሔቱ አመስግኖ አሁን ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱን አስፈርም አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ኦቦ በዳሳ ፊት ቆምኩ። ያን ጊዜ መታመም ጀምረው ነበር፤ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"አባባ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

"ምንድነው?"

"እንድጽፍ መፍቀድዎን የሚገልጽ ነው።"

"ስትወስድ አላስፈረምከኝም። ስትመልስ ነው የምታስፈርመኝ?" አሉኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ህግ ካጠናሁ፤ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ግን አልተማርኩም። አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ። ቀለሙን እኔ ቀባሁላቸው፣ እኔው በመሐረቤ ጠረግኩላቸው። ጣታቸው ከስቶ ነበር።

ከዚያ ደግሞ መጽሔቱ፣ ቁጥር ሦስት አማትህ መሆናቸውን ለምን አልገለጽክም አለ። ይሄ የኮሚቴው ጆሮ ደረሰ። ሰብሳቢው ቢሮው ጠርቶ "ይሄን ነገር ብትተወው ይሻልሃል፤ ያገኘኸው ደረጃ እንደገና ሊታይ ይችላል" አለኝ። ይታይ አልኩት። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ጫልቱን ፈርቼ ነው። ታየ፤ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ በማስጠንቀቂያ አለፉኝ።

ማስተካከያው በመጨረሻ ወጣ። አንድ መስመር ናት። "መረጃ ሰጪ ቁጥር ሦስት የተባሉት በጎጆ የሚኖሩት አቶ በዳሳ ሂርጳ ናቸው፤ ዕውቀቱ የእሳቸው ነው" ትላለች። በወረቀት አትሜ ጎጆ ወሰድኳት። ኦቦ በዳሳ አልጋ ላይ ነበሩ። እኔ ባነብላቸው እንደማያምኑኝ አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም፤ ሲፈን አነበበችላቸው። ጣታቸውን ይዛ ስሙ ላይ አሳረፈችላቸው። 

"ጋሪ" አሉ። "ጥሩ ነው።" ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "አሁን ይሠራል። ትንሽ ሲሻለኝ ና፤ ሜዳ እንወጣና እንደገና አሳይሃለሁ። በፊት ችኩል ነበርክ።"

"ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ እመጣለሁ፣ አባባ" አልኳቸው።

ሁለት መቶ አሥር የፈተና ወረቀት ነበረብኝ። መቶ ስልሳ አካባቢ ስደርስ ጫልቱ እያለቀሰች ገባች። "አባቴን" አለችኝ። ስሜንም ጠራችኝ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር ካልጠራችኝ። ስሜን ከአፏ እንዲህ ባልሰማው ምን ነበረ አልኩ።

ሐምሌ ነበር። በዚያ ጭቃ ሄድን፤ መኪናው ሲያዝ እየገፋን፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ነሐሴ ነው ብዬ የቀረሁበት መንገድ ለካ ይኬድ ኖሯል። ለቅሶ በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን፣ በጠዋት፣ አዴ ሎሚ የሚባሉ ጎረቤት በግ እየሳቡ መጡ። ባል የሌላቸው ሴት ናቸው።

"ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ። "ግን ልትሞትብኝ ነው። የወረዳው መድኃኒት አልያዘላትም። አሁን ስማቸው ተጽፏል፣ ይሠራል ብለውኝ ነበር እሳቸው። ለአንተም ሰጥተውሃል።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሜዳው ላይ ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ሁሉ ነገር ለምልሟል፤ እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ቅጠል ነው። ጽሑፌ ውስጥ "ተክል ሀ" ከሚል በቀር ምንም የለም። ግን እንደ ማንኛውም ተመራማሪ የዚያን ቀን የነገሩኝን በስልኬ ቀድቼ አስቀምጬ ነበርና ተስፋዬ እሱ ነበር። ከፈትኩት። ነፋስ ይሰማል። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፣ ሳይታመሙ፤

"ያቻት። ይቺን አይደለም፤ ይቺ ትመስላታለች እንጂ በግ ትገድላለች። ይቺን ነው። ይቺን። አየሃት?"

ከዚያ የእኔ ድምፅ፤ "አየኋት አባባ።"

"ደህና አድርገህ እያት።"

"አየኋት፣ አየኋት።"

አላየኋትም። ስልኩ ይቀዳ እንደሆነ ስልኩን ነበር የማየው። ደግሜ ከፈትኩት፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። "ይቺን" ይላሉ ኦቦ በዳሳ፣ ሳይሰለቹ። እንባዬ መጣ፤ አዴ ሎሚ እንዳያዩኝ ዘወር አልኩ።

"ስማቸውን ጥራ እንጂ" አሉኝ አዴ ሎሚ ከኋላዬ።

ጠራሁ። ከነአባታቸው፣ ጮክ ብዬ ጠራሁ። ቤት የነበሩት ለቀስተኞች ሰምተው እስኪወጡ ድረስ ነው የጠራሁት። ጎንበስ አልኩ። እጄን ዘረጋሁ። በጓ ታስላለች።

"የትኛዋ ናት?" አሉኝ አዴ ሎሚ።

"አላውቅም አዴ" አልኳቸው።